በኢሜይል አታችመንት ስለሚመጣ ቫይረስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ኮምፒውተር ጥገና ነው። ስታዲየም አካባቢ ካለችው ጠባብ ክፍሌ እየተነሳሁ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ አምባሳደር፣ አንዳንዴም ፒያሳና አራት ኪሎ ድረስ ያሉ ትንንሽ ቢሮዎችን እዞራለሁ። አስመጪ አለ፣ ጠበቃ አለ፣ የጉምሩክ አስተላላፊ አለ፣ ክሊኒክ አለ። ሰኞ ጠዋት ስልኬ ከጮኸ ወሬው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ዓርብ ዕለት አንድ ፋይል መጥቶልኝ ከፈትኩት፤ ምንም አልታየኝም። አሁን ግን ኮምፒውተሩ ልክ አይደለም።»

ያን ሰው ስሰማው አንጀቴን ይበላኛል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የሚጠብቀው ወረቀት ነበረ፤ ቫይረሱም ያንኑ ወረቀት መስሎ መጣለት። ደንበኞቼ ዘወትር የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እዚህ አስቀምጫለሁ። ባለሙያዎች ትሮጃን፣ ዎርም፣ ራንሰምዌር እያሉ በየስሙ ይጠሯቸዋል። እኔ ግን ሰው እንደሚለው ሁሉንም ቫይረስ ብዬ እሄዳለሁ።

ኢሜይሉን መክፈት ብቻውን ቫይረስ ያስይዛል?

በአብዛኛው አያስይዝም። ጽሑፉን ማንበብና አታች የተደረገውን ፋይል መክፈት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አደጋው የሚጀምረው ፋይሉን ስትከፍቱ ወይም ውስጡ ያለውን ሊንክ ስትጫኑ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. አውትሉክ ኤክስፕረስ በሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ላይ መልእክቱን በማየት ብቻ የሚሠራ ቫይረስ ታይቶ ነበር። የገባበት ቀዳዳ በአፕዴት ተደፈነ። አፕዴት የማይደረግ ኮምፒውተር ላይ ግን እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎች ሳይደፈኑ ይቀራሉ።

ታዲያ ፋይሉ ውስጥ እንዴት ይደበቃል?

ያየሁትን ልንገራችሁ። የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ አንድ ቢሮ ጠራኝ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጠንቃቃ ሴት ናቸው። ከአቅራቢ የሚመጣ ፕሮፎርማ ሲጠብቁ ሰነበቱና አንድ ቀን ጠዋት መጣላቸው። ከፈቱት። ምንም አልሆነም። ደግመው ከፈቱት። አሁንም ምንም። ሦስተኛ ሲሞክሩ ኮምፒውተሩ መንተፋተፍ ጀመረ።

«ልጄ፣ ቀዩ ምልክት እኮ አለው፤ ፒዲኤፍ ነው» አሉኝ።

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ብቻ አደረግሁ። ፎልደሩን ከፍቼ ላይ ካለው «ቪው» ገባሁና «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምልክት አደረግሁበት። የፋይሉ ስም ዓይናችን እያየ ረዘመ። «ፕሮፎርማ ነጥብ ፒዲኤፍ» የነበረው «ፕሮፎርማ ነጥብ ፒዲኤፍ ነጥብ ኢኤክስኢ» ሆነ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረገ ጠረገ አድርገው እንደገና አነበቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፋይሉን ዓይነት የሚናገሩት ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያሉት ፊደላት ናቸው። ዊንዶውስ ግን እነዚያን ፊደላት ከፋብሪካው ጀምሮ ደብቆ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ «ኢኤክስኢ» የሚለው ይደበቅና መሃል ላይ የተሰነቀረው «ፒዲኤፍ» ብቻ ይታያል። ቀዩ ምልክትም ማረጋገጫ አይደለም። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው የፈለገውን ሥዕል ይለጥፍበታል። እሳቸው ሰነድ የከፈቱ መሰላቸው፤ የከፈቱት ግን ፕሮግራም ነው። ሦስት ጊዜ።

ዛሬውኑ ያን ምልክት አድርጉበት። በዊንዶውስ 11 «ቪው» ከዚያ «ሾው» ብላችሁ ታገኙታላችሁ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

የላከልኝ የማውቀው ሰው ነው። እንዴት ቫይረስ ይሆናል?

ይህን ጥያቄ ከሁሉም አብልጬ እሰማዋለሁ። መልሱም ከ25 ዓመት በላይ ያረጀ ነው።

በመጋቢት 1991 ዓ.ም. ሜሊሳ የሚባል ቫይረስ በዎርድ ፋይል ተደብቆ መጣ። ፋይሉን የከፈተ ሰው አውትሉክ ካለው፣ ቫይረሱ ከአድራሻ መዝገቡ የመጀመሪያዎቹን 50 ሰዎች ይመርጥና በባለቤቱ ስም ራሱን ይልክላቸዋል። ተቀባዩ ሲያየው የጓደኛው ስም ነው። ይከፍተዋል። ከእሱም ለሌላ 50።

በዓመቱ ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ እኛ የአርበኞችን ቀን ዋዜማ ይዘን ሳለ፣ ከፊሊፒንስ «አይ ላቭ ዩ» የሚል ርዕስ ያለው ኢሜይል ተነሳ። አታች የተደረገው የፍቅር ደብዳቤ ይመስላል። ስሙ «ቲኤክስቲ» ላይ ያለቀ ይመስልና ከኋላው «ቪቢኤስ» ተደብቋል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ላይ የተሠራው ዘዴ ራሱ ነው። ይኼኛው በ50 ሰው አልተወሰነም፤ በአድራሻ መዝገቡ ላለ ሰው ሁሉ ተላከ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ያዘ። የሰዎችን ፎቶ በራሱ ኮድ እየደመሰሰ ሄደ። የእንግሊዝ ፓርላማ ሳይቀር ኢሜይሉን ለጊዜው ዘጋ። የጻፈው የማኒላ ተማሪ ነበር። በጊዜው አገሩ ለዚህ የሚሆን ሕግ ስላልነበራት ክሱ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ይብሳል። ኢሞቴት የሚባለው ቫይረስ የሰውን የኢሜይል ሳጥን ከሰረቀ በኋላ በእውነት የተጻጻፋችሁት ደብዳቤ ሥር መልስ አድርጎ ይገባል። ዕቃ ከሚልክላችሁ አቅራቢ ጋር ስለ ጭነቱ ስትጻጻፉ ከርማችኋል እንበል። አንድ ቀን በዚያው ርዕስ፣ የራሳችሁ ደብዳቤ ከሥሩ እየታየ፣ «የተስተካከለውን ሰነድ ተያይዞ ያገኙታል» የሚል ይመጣል። ማን ይጠረጥራል? የስምንት አገር ፖሊስ ተባብሮ በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ቫይረሱ የሚታዘዝባቸውን ሰርቨሮች ያዘ። ዓመቱ ሳያልቅ ተመልሶ መጣ።

ስለዚህ «ማን ላከው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አያድንም። ሁለት ሌሎች ጥያቄዎችን ጨምሩበት። ይህን ፋይል በዚህ ሰዓት፣ በዚህ መልክ እየጠበቅሁት ነበር? ስከፍተውስ ምን አድርግ ይለኛል? ሰነድ ይነበባል እንጂ ሥራ አያዝም። «ይህን ተጫን፣ ያንን ፍቀድ፣ ፓስወርድህን አስገባ» ካለ ቆም በሉ።

ደውዬ ባጣራ ላኪው አይቀየመኝም?

ይሉኝታ ስንት ቢሮ እንዳከሰረ ብታዩ ይህን ጥያቄ አትጠይቁም ነበር። አለቃው የላከውን ፋይል «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የላኩት?» ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍረው ጸሐፊ ብዙ ነው። እኔ ለአለቆቹ የምለው ይኼ ነው፦ ሠራተኞቻችሁን ሰብስባችሁ «ደውላችሁ ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል» በሏቸው። አንዴ ከአለቃው አፍ ከወጣ ሁሉም ይደውላል።

ስትደውሉ ታዲያ ቀድሞ በእጃችሁ ባለው ቁጥር ደውሉ። ኢሜይሉ ሥር የተጻፈውን ቁጥር ሌባው ራሱ ጽፎት ሊሆን ይችላል። «ሪፕላይ» ብላችሁ መጠየቅም አይሠራም። ሳጥኑ ተሰርቆ ከሆነ የሚመልስላችሁ ሌባው ነው።

እኛ ትንሽ ቢሮ ነን። ምን አለን ብለው ነው የሚመጡብን?

የሚልከው ሰው እናንተን መርጦ አይደለም። በሺህ ለሚቆጠር አድራሻ በትኖ የከፈተውን ይይዛል። ከያዘ በኋላ ነው ማን እንደሆናችሁ የሚያየው።

ለአስመጪና ላኪ ቢሮ ትልቁ አደጋ ጸጥ ያለው ቫይረስ ነው። ኤጀንት ቴስላ የሚባል አለ፤ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ፕሮፎርማ፣ የግዥ ትዕዛዝ፣ የስዊፍት ኮፒ፣ የጭነት ሰነድ መስሎ ነው። የእኛ አስመጪ በየቀኑ የሚቀባበለው ወረቀት ማለት ነው። ገብቶ ምንም አያበላሽም። በኪቦርድ የምትጽፉትን ይቀዳል፣ ብራውዘር ላይ ያስቀመጣችሁትን ፓስወርድ ለቅሞ ይልካል።

ከዚያ ሌባው ኢሜይላችሁ ውስጥ ገብቶ ያነባል፣ ይጠብቃል። አንድ ደንበኛዬ የደረሰበትን አልረሳውም። ዶላር ለማግኘት ወራት ጠብቋል። ተፈቅዶለት ለአቅራቢው ሊልክ በተዘጋጀበት ሳምንት ኢሜይል መጣ። «የባንክ ሒሳባችን ኦዲት ላይ ስለሆነ ወደዚህኛው ቁጥር ላኩልን» ይላል። አርማው ልክ ነው፣ ፊርማው ልክ ነው፣ የፕሮፎርማው ቁጥር ልክ ነው። የላኪው አድራሻ ላይ ብቻ አንድ ፊደል ተቀይሯል፤ «ኤም» የነበረው «አር»ና «ኤን» ተጠጋግተው ሆነው ነው የተጻፉት። እኔ ራሴ አጉልቼ እስካየው ድረስ አልለየሁትም። ገንዘቡ ሄደ። አቅራቢው «አልደረሰኝም» ሲል ነው የታወቀው። ከወራት በፊት የተከፈተች አንዲት ፋይል ነበረች የዚህ ሁሉ መነሻ።

የባንክ ቁጥር ተቀየረ የሚል ደብዳቤ ከመጣ ድምፁን የምታውቁትን ሰው በስልክ ሳታገኙ ባንክ ቤት አትሂዱ። በዚህ ነገር ላይ አልደራደርም።

የትኞቹ ፋይሎች ናቸው የሚያሰጉት?

መጨረሻቸው ኢኤክስኢ፣ ኤስሲአር፣ ባት፣ ጄኤስ፣ ቪቢኤስ፣ ኤልኤንኬ ወይም ኤምኤስአይ የሆነ ከመጣ አትክፈቱት። ደህና ሰው ፕሮፎርማ በዚህ መልክ አይልክም። ጂሜይል ብዙዎቹን ራሱ ያግዳቸዋል። ሌቦቹም ስለሚያውቁ ዚፕ፣ ራር ወይም አይኤስኦ ውስጥ ጠቅልለው ይልኳቸዋል።

በተለይ ዚፑ ፓስወርድ ካለውና ፓስወርዱ እዚያው ኢሜይል ላይ ከተጻፈ ተጠንቀቁ። ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ቆለፍኩ የሚል ሰው ምን ፈልጎ ነው? ፓስወርዱ የተደረገው አንቲቫይረሱ ከፍቶ እንዳያይ ነው።

ኤችቲኤምኤል የሚል ደግሞ አለ። ስትከፍቱት የኢሜይል መግቢያ የሚመስል ገጽ ይመጣና ፓስወርድ ይጠይቃል። አድራሻችሁን አስቀድሞ ሞልቶ ስለሚጠብቅ እውነት ይመስላል። ቫይረስም አያስፈልገው፤ ፓስወርዱን በራሳችሁ እጅ ትሰጡታላችሁ።

ፒዲኤፍስ?

እውነተኛ ፒዲኤፍ፣ አፕዴት በተደረገ ብራውዘር ወይም አንባቢ ከተከፈተ ብዙም አያሰጋም። ውስጡ «ሰነዱን ለማየት እዚህ ይጫኑ» የሚል ሊንክ ካለ ግን አትጫኑ። ሰነዱ በእጃችሁ ነው፤ ለማየት ሌላ ቦታ መሄድ ለምን አስፈለገ?

ዎርድ ስከፍት ቢጫ መስመር ይመጣና «ኢኔብል ኮንቴንት» ይለኛል። ልጫን?

ከኢሜይል የመጣ ፋይል ከሆነ አትጫኑ።

ዎርድና ኤክሴል ውስጥ ማክሮ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል። ሜሊሳም በዚያ ነው የመጣው። ፋይሉ ሲከፈት «ሰነዱ በአዲስ ቨርዥን ስለተሠራ ለማንበብ ኢኔብል ኮንቴንት የሚለውን ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ ወይም ሥዕል ታያላችሁ። ያን የጻፈው ሌባው ነው። ማይክሮሶፍት በ2022 እ.ኤ.አ. ከኢንተርኔት የመጣ ፋይል ማክሮ እንዳይሠራ አድርጎ ዘጋው። ጥሩ ሆነ።

ግን ለእኛ ከተማ ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ ኦፊስ 2007ና 2010 የሚጠቀም ቢሮ ዛሬም ሞልቷል። ይህ ለውጥ ለእነሱ አልደረሰም። ሁለተኛው ፍላሽ ነው። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ «ይህ ከውጭ የመጣ ነው» የሚል የማይታይ ምልክት ያደርግበታል። ኦፊስም የሚጠነቀቀው ያን ምልክት አይቶ ነው። ፋይሉን በተለመደው ፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስትወስዱት ምልክቱ ይጠፋል። ጸሐፊዋ ኢሜይሉን በአንዱ ኮምፒውተር አውርዳ፣ በፍላሽ ወስዳ፣ ፕሪንተር ባለው ኮምፒውተር ስትከፍተው ዎርድ የቤት ልጅ አድርጎ ይቀበለዋል። ፎቶ ኮፒ ቤት ይዛችሁ ስትሄዱም እንደዚያው ነው።

አንቲቫይረስ አለኝ። አይበቃም?

ይረዳል፣ ግን አይበቃም። ዛሬ የተሠራን ቫይረስ አንቲቫይረሱ እስኪያውቀው ሰዓታት ወይም ቀናት ሊፈጅበት ይችላል። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር በነጻ ነው፤ አፕዴት ከተደረገ ለትንሽ ቢሮ ደህና ነው። ሁለት አንቲቫይረስ ደርባችሁ አትጫኑ፤ እርስ በርስ ይጣላሉ።

የሚያሳዝነኝ ክራክ፣ ማለትም ሳይገዛ ፈቃዱ ተሰብሮ የሚጫን ፕሮግራም ነው። ዊንዶውሱ ወይም ኦፊሱ በክራክ ሲጫን ጫኚው መጀመሪያ የሚያደርገው ዲፌንደሩን ማጥፋት ነው። ብዙ ጊዜ መልሶ አያበራውም። ባለቤቱም አያውቅም። ክራኩ ራሱም ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። አሁኑኑ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ብላችሁ ፈልጉና አረንጓዴ ምልክት መኖሩን እዩ።

አፕዴት ዳታ ይበላል፣ አውቃለሁ። በስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ «ሚተርድ» የሚለው በርቶ እንደሆነ ተመልከቱ። በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት አያወርድም። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ዋይፋይ ያለበት ቦታ አምጥታችሁ አውርዱለት። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ኮምፒውተሩ የሚችል ከሆነ ወደ 11 መሻገር ይሻላል።

በስልኬ ብከፍተውስ?

ለዊንዶውስ የተሠራ ቫይረስ ስልክ ላይ አይሠራም። አጠራጣሪ ፒዲኤፍ ወይም ዎርድ ማየት ግድ ከሆነባችሁ ስልክ ላይ ማየቱ ኮምፒውተር ላይ ከመክፈት ይሻላል። ፓስወርድ የሚጠይቅ ገጽ ግን ስልክም ላይ ያው ሌባ ነው። አንድሮይድ የያዛችሁ ኤፒኬ የሚል ፋይል በኢሜይልም በቴሌግራምም ከመጣላችሁ አትጫኑት። የባንክ አፕ በቴሌግራም አይወሰድም።

ዲቪ ደረሰህ የሚል ከነፎርሙ መጣልኝ። እውነት ይሆን?

አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ዲቪ ደርሶሃል ብሎ በኢሜይል አያበስርም። ውጤቱ የሚታወቀው አመልካቹ ራሱ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ ኦፊሴላዊው ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ሲያይ ነው። ሳይሞሉ የደረሰው ደግሞ የለም።

እንደዚሁ የስኮላርሺፕ፣ የካናዳ ሥራ፣ የጨረታ አሸናፊነት ደብዳቤ፣ የኩሪየር ዕቃ መጥቷል የሚል ይመጣል። ሁሉም ሰው ልቡ የተንጠለጠለበትን ነገር ይነካሉ። ከልጅነቱ ጀምሮ ውጭ መማር ያማረውን ልጅ «ተቀብለንሃል» ብሎ ማታለል ከሌብነት አልፎ ግፍ ነው። ልጆቻችሁ ኢሜይል መጣልኝ ብለው ሲሮጡ ሲመጡ አትቆጧቸው። አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡና አጣሩ።

ከፈትኩት! አሁን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ቁረጡ። ገመድ ከሆነ ንቀሉ፣ ዋይፋይ ከሆነ አጥፉ። ቫይረሱ የሰረቀውን እንዳይልክና ወደ ሌሎቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች እንዳይሻገር ነው። ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ከሆነ አውጡት፤ ካልተሰካ እንዳትሰኩ። ባክአፕ ላድርግ ብሎ በዚያች ደቂቃ ሃርድ ዲስኩን ሰክቶ እሱንም ያስበላ ሰው አይቻለሁ።

ቀጥሎ ሌላ መሣሪያ አንሱ፤ ስልካችሁ ይበቃል። በሞባይል ዳታ ገብታችሁ የኢሜይላችሁን ፓስወርድ ቀይሩ። ኢሜይሉ ይቀድማል፤ ምክንያቱም የሌላው ሁሉ ፓስወርድ «ረሳሁ» ሲባል የሚመለሰው በኢሜይል ነው። በተያዘው ኮምፒውተር ላይ አትቀይሩ፤ አዲሱንም ይቀዳዋል። ከሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ ውጣ የሚለውን ተጫኑ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን፣ ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን፣ አብሩ። ከዚያ የኢሜይሉ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ደብዳቤያችሁ ወደማታውቁት አድራሻ ፎርዋርድ እየተደረገ እንዳይሆን እዩ። ሌቦች ይህን ትተው ይሄዳሉ፤ ፓስወርድ ብትቀይሩም ደብዳቤው መሄዱን አያቆምም።

ባንክ በኢንተርኔት የምትጠቀሙ ከሆነ ለባንካችሁ ደውሉ። ለምትጻጻፏቸው ሰዎችም በስልክ ንገሩ፦ «በእኔ ስም ፋይል ቢመጣ አትክፈቱ።» ያሳፍራል፤ ግን ከእናንተ ቀጥሎ የሚያዙት እነሱ ናቸው።

ኮምፒውተሩን ለማጽዳት ዲፌንደር ውስጥ ኦፍላይን ስካን የሚባል አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነስቶ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል። 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መብራት እንዳይሄድባችሁ ብቻ።

ፎርማት ቢደረግ አይገላግልም?

ሰው ሁሉ «ፎርማት አድርግልኝ» እያለ ነው የሚመጣው። ፎርማት ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቫይረስ ያጠፋል። የተሰረቀውን ፓስወርድ ግን አይመልስም። ሌባው ኢሜይላችሁ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ደግሞም ፋይላችሁ ሳይወጣ ተቻኩሎ ፎርማት ተደርጎ የስንት ዓመት ሒሳብ የጠፋበት ቢሮ አለ። ፓስወርድ ይቀድማል፣ ከዚያ ፋይል ይወጣል፣ ፎርማት የመጨረሻው ነው።

ፋይሎቼ ሁሉ ተቆልፈዋል፤ ገንዘብ ክፈል የሚል ጽሑፍ ወጥቷል።

አትክፈሉ። ከፍሎ ቁልፉን ያላገኘ አለ። የተቆለፉትን ፋይሎችም አትሰርዙ፤ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጧቸው። የደች ፖሊስና ዩሮፖል ከሁለት የአንቲቫይረስ ኩባንያዎች ጋር በ2016 እ.ኤ.አ. የጀመሩት «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባል ድረ ገጽ አለ። የአንዳንዶቹን ቁልፍ በነጻ ይሰጣል። ዛሬ የሌለው ነገ ሊገኝ ይችላል።

ዋስትናው ባክአፕ ነው። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮ ውጭ። አቅም ካጠረ ግን አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝታችሁ ዓርብ ዓርብ ገልብጡና ንቀሉት። መንቀሉ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ዓመቱን ሙሉ ተሰክቶ የሚውል ባክአፕ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል።

ለማን ነው የማመለክተው?

በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ጉዳት የሚያደርስ ፕሮግራም አውቆ ማሰራጨት ወንጀል ነው። ገንዘብ ከሄደ በመጀመሪያ ባንኩ፣ ከዚያ ፖሊስ፤ በሰዓታት ውስጥ ከሆነ ዝውውሩን ማስቆም ሊቻል ይችላል። የሳይበር ጥቃት ለሆነው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር አለ። ኢሜይሉን አታጥፉት፤ ማስረጃ ነው።

ፋይሉን ሳልከፍት የማጣራበት መንገድ አለ?

«ቫይረስ ቶታል» የሚባል ድረ ገጽ አለ። ፋይሉን ስታስገቡለት በብዙ አንቲቫይረስ በአንዴ ያስፈትሸዋል። የምታስገቡት ፋይል ግን ለሌሎች መርማሪዎችም ስለሚደርስ የደንበኛ ውል፣ የታካሚ መረጃ፣ የፓስፖርት ኮፒ እዚያ አታስገቡ። ንጹሕ ነው ቢላችሁም አዲስ ቫይረስ ሊያመልጠው ይችላል። አሁንም ለላኪው ስልክ ደውሎ መጠየቁ ይሻላል።

ወደ አንተ ይዤ ልምጣ?

ኑ። ፋይሉን ግን በፍላሽ ገልብጣችሁ አታምጡልኝ፣ በቴሌግራምም አትላኩልኝ። ላፕቶፕ ከሆነ እንዳለ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ሲስተም ዩኒቱን ብቻ አምጡ። የባክአፑ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ቤት ይቅር። ምን ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደከፈታችሁት ወረቀት ላይ ጻፉልኝ፤ ፍለጋውን በጣም ያቀልልኛል። ቢሮው ውስጥ ሌላም ሰው ከፍቶት ከሆነ ደግሞ ሳትደብቁ ንገሩኝ። አንዱን አጽድቼ ሌላው ከቀረ ሰኞ ተመልሰን እንገናኛለን።